የኮምፒዩተር ስሌት ስሕተትና የምርመራው ታሪክ

የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር አንድ ዓመት 365 ቀን ከሩብ መሆኑን ይቀበላል። ሩቧ ቀን በየዓመቱ ብትጣል ኖሮ ወሮች ከወቅቶቻቸው ጋር ይተላለፉ ነበር። ስለዚህም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና የተጠራቀመው ሒሳብ ይወራረዳል። ሆኖም ትክክለኛው የፀሐይ ዓመት ከዚህ ቀመር በ11 ደቂቃ ያህል ያጥራል። አሥራ አንድ ደቂቃ በአንድ ሰው ዕድሜ የምትታወቅ ነገር አይደለችም፤ ለዘመናት ስትደመር ግን እ.ኤ.አ. በ1582 የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ከዩልዮስ አቆጣጠር ላይ 10 ቀን እንዲቀንሱ አስገድዳለች። ዛሬ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 13 ቀን ደርሷል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ትንሽ የቁጥር ጉድለት አንድ ጊዜ ስትፈጸም አትጎዳም፤ ስትደጋገም ግን ትልቅ ስሕተት ትሆናለች። የዘመናችን ኮምፒዩተር ደግሞ በአንድ ሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ስሌቶችን ስለሚያከናውን፣ በቀን መቁጠሪያው ላይ ብዙ መቶ ዓመታት የፈጀው ክምችት በእርሱ ዘንድ የቅጽበት ጉዳይ ነው።

የድልድይ ጭነት፣ የግድብ ግፊት፣ የኤሌክትሪክ መሥመር ፍሰትና የመድኃኒት መጠን ዛሬ የሚሰሉት በኮምፒዩተር ነው። ለዚህም ተግባር ኦክታቭንና ነምፓይን የመሳሰሉ፣ የፕሮግራም ጽሑፋቸው ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌሮች በብዙ አገር ባለሙያዎች እጅ ይገኛሉ። የተገኘው ውጤት እንግዳ ሲሆን ባለሙያው የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ጥፋቱ የማነው? የሚል ነው። ተጠርጣሪዎቹ አራት ናቸው፤ የቀረበው ጥያቄ ራሱ፣ የተመረጠው የስሌት ዘዴ፣ የተጻፈው ፕሮግራምና ስሌቱን የፈጸመው መሣሪያ። እነዚህን አራቱን ለያይቶ የመመርመር ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። የሰማንያ ዓመት ያህል ታሪክ አለው፤ የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ ባጭሩ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር

ከሁሉ አስቀድሞ ጥፋት ያልሆነውን ነገር ከጥፋት መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሦስተኛን በአሥርዮሽ ለመጻፍ የሞከረ ተማሪ 0.333 እያለ ማብቂያ እንደማያገኝ ያውቃል። ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚጽፈው በሁለትዮሽ፣ ማለትም በዜሮና በአንድ ብቻ ስለሆነ፣ ለእርሱ ማብቂያ የሌላት አንድ አሥረኛ ናት። በተለመደው አጻጻፍ ለአንድ ቁጥር የተመደበለት ትክክለኛነት 53 ቢት ወይም 16 የአሥርዮሽ አሃዝ ያህል በመሆኑ ቀሪው ተጠጋግቶ ይያዛል።

በዚህ ምክንያት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ኮምፒዩተሩ 0.30000000000000004 ብሎ ይመልሳል። ከጀማሪዎች በኩል እጅግ ደጋግሞ የሚቀርበው አቤቱታ ይህ ነው። በመሠረቱ ግን ፕሮግራሙም መሣሪያውም አልተሳሳቱም፤ የተሠራው በተወሰነ አሃዝ ለሚጻፍ ቁጥር በወጣው ሕግ መሠረት ነው። ስሕተት የሚሆነው ባለሙያው ሁለት እንዲህ ያሉ ውጤቶች ፍጹም እኩል መሆናቸውን ሲጠይቅ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ልዩነታቸው ከቁጥሮቹ ትልቅነት ጋር ሲነጻጸር የማይቆጠር መሆኑ ነው።

ጥያቄው ራሱ ሲታመም

በ1940ዎቹ ዓመታት የኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ገና በሚታሰብበት ጊዜ፣ የማጠጋጋት ስሕተት ትልልቅ ስሌቶችን ሁሉ ከንቱ ያደርጋቸዋል የሚል ስጋት በሊቃውንቱ ዘንድ ነበረ። በ1943 የስታቲስቲክስ ሊቅ የሆኑት ሃሮልድ ሆቴሊንግ ባወጡት ግምት መሠረት፣ የእኩልታዎች ቁጥር በአንድ በጨመረ ቁጥር ስሕተቱ እስከ አራት እጥፍ ሊያድግ ይችል ነበር። ግምቱ እውነት ቢሆን 18 እኩልታዎችን በአሥር አሃዝ የሚያሰላ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ከአሥሩ አሃዝ አንዱንም ሊያምን አይችልም ነበር።

በ1946 በእንግሊዝ አገር በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ጄምስ ዊልኪንሰንና ባልደረቦቻቸው ልክ እንዲህ ያለ የ18 እኩልታዎች ስሌት በጠረጴዛ ላይ የሒሳብ መሣሪያ በእጃቸው ሠሩ። የተገኘው መልስ ወደ መጀመሪያዎቹ እኩልታዎች ተመልሶ ሲፈተን የታየው ጉድለት ከተፈራው እጅግ ያነሰ ሆነ። ስጋቱ የተጋነነ መሆኑ በተግባር ታየ፤ ምክንያቱ ግን ገና ማብራሪያ ይፈልግ ነበር። ጆን ፎን ኖይማንና ኸርማን ጎልድስታይን በ1947፣ አለን ቱሪንግም በ1948 በዚሁ ጉዳይ ላይ ሰፊ ጥናት አወጡ። ጉዳዩን ወደ ፍጻሜ ያደረሱት ግን ዊልኪንሰን ናቸው።

ዊልኪንሰን ያደረጉት ጥያቄውን መገልበጥ ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሊቃውንት በአብዛኛው «ይህ መልስ ከትክክለኛው ምን ያህል ራቀ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እርሳቸው ግን «ይህ መልስ ፍጹም ትክክል የሚሆነው ለየትኛው ጥያቄ ነው?» ብለው ጠየቁ። ያ ሌላ ጥያቄ ከመጀመሪያው የሚለየው በጥቂት፣ ለምሳሌም በመለኪያ መሣሪያ ጉድለት ያህል ብቻ ከሆነ፣ የስሌቱ ዘዴ ከክስ ነጻ ነው። መልሱ ያም ሆኖ ከትክክለኛው ከራቀ ጥፋቱ የጥያቄው ነው።

ለመሆኑ ጥያቄ እንዴት ጥፋተኛ ይሆናል? ቀያሽ መሐንዲሶች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ሁለት መሥመሮች በሰፊ ማዕዘን ሲቋረጡ መገናኛቸው ቁርጥ ያለ ነጥብ ነው። ማዕዘኑ እጅግ ሲጠብብ ግን የአንዱ መሥመር ጥቂት መዘንበል መገናኛውን ብዙ ሜትር ያሸሸዋል። መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ከእንዲህ ያለ ልኬት ጥሩ ነጥብ አይገኝም።

ዊልኪንሰን ከዚህም የባሰ ምሳሌ አግኝተዋል። ሥሮቹ ከ1 እስከ 20 ያሉት ሙሉ ቁጥሮች የሆኑ ፖሊኖሚያል ወሰዱ። ሥሮቹ እርስ በርስ ተራርቀው የተቀመጡ ስለሆኑ ችግር ይገጥመዋል ብሎ የሚጠረጥረው አልነበረም። ከአባዢ ቁጥሮቹ አንዱ 210 ሲቀነስ ነው። ይህ ቁጥር በአሥር ሚሊዮንኛ በምትለካ መጠን፣ ማለትም በ0.00000012 ያህል ብቻ ሲለወጥ፣ ከሃያዎቹ ሥሮች አሥሩ እውናዊ መሆናቸው ቀርቶ ምናባዊ ክፍል ያላቸው ቁጥሮች ሆኑ። መሣሪያውም ዘዴውም አልተሳሳቱም፤ የታመመው የጥያቄው አቀራረብ ነበር። ዊልኪንሰን ትንተናቸውን በ1963ና በ1965 በታተሙ ሁለት መጻሕፍት አስፍረው፣ በ1970 በኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል።

የመሣሪያዎች ልዩነትና የጋራው ሕግ

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ ፋብሪካ ኮምፒዩተሩን በራሱ የቁጥር ሕግ ይሠራ ነበር። አንዱ መሣሪያ በሁለትዮሽ፣ ሌላው ደግሞ በ16 መሠረት ያሰላል፤ አንዱ ያጠጋጋል፣ ሌላው ይቆርጣል። በ1964 የቀረበው የአይ.ቢ.ኤም. ሲስተም 360 በረጅሙ የቁጥር ዓይነት ሲቀንስ ትክክለኛነትን የምትጠብቀዋ ተጨማሪ አሃዝ አልተሰጠውም ነበር። ተጠቃሚዎች ባሰሙት ብርቱ ቅሬታ ኩባንያው ለደንበኞች ያስረከባቸውን መሣሪያዎች ሳይቀር እንደገና ለማስተካከል ተገድዷል። አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ደግሞ አንድን ቁጥር ሲያወዳድሩት ዜሮ አይደለም ይሉና ሲያባዙት እንደ ዜሮ ይቆጥሩት ነበር። በአንድ መሣሪያ በትክክል የሠራ ፕሮግራም በሌላው ላይ ሲከሽፍ የፕሮግራሙን ጥፋት ከመሣሪያው ጥፋት መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

ይህን ዝብርቅርቅ ለማስቀረት በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ዊልያም ካሃን ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ለብዙ ዓመታት ደከሙ። በኩባንያዎች መካከል ከተደረገ ረጅም ክርክር በኋላ በ1985 አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለው የተንሳፋፊ ነጥብ ደንብ ጸደቀ። ደንቡ ቁጥር እንዴት እንደሚጻፍና እንዴት እንደሚጠጋጋ ወስኗል። ከዚህም በላይ ወሰን ያለፈ ውጤት «ኢንፊኒቲ» ተብሎ፣ ትርጉም የሌለው ውጤት ደግሞ «ናን»፣ ማለትም «ቁጥር አይደለም» ተብሎ እንዲመዘገብ አድርጓል። ካሃን በ1989 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ የመሣሪያ ልዩነት ከተጠርጣሪዎች መካከል የመጨረሻው ለመሆን በቃ።

የመጨረሻው ሆነ እንጂ ነጻ አልወጣም። በ1994 በአሜሪካ በሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበሩት ቶማስ ናይስሊ በነጠላ ቁጥሮች ላይ የጀመሩት ጥናት በሁለት መንገድ ሲሰላ የማይስማማ ውጤት ሰጣቸው። ፕሮፌሰሩ ወዲያውኑ መሣሪያውን አልከሰሱም። ከጁን እስከ ኦክቶበር ድረስ የራሳቸውን ፕሮግራም፣ የተርጓሚውን ሶፍትዌርና ሌሎቹን የኮምፒዩተሩን ክፍሎች አንድ በአንድ እየፈተኑ ከጥርጣሬ አወጡ። በመጨረሻ የቀረው የኢንቴል ኩባንያ የፔንቲየም ቺፕ ብቻ ሆነ። ቺፑ 4195835ን ለ3145727 ሲያካፍል 1.333820449 ማለት ሲገባው 1.333739068 ይል ነበር። ምክንያቱ ለማካፈል በሚጠቀምበት ሠንጠረዥ ውስጥ አምስት ቁጥሮች ሳይገቡ መቅረታቸው ነው። ኢንቴል ቺፑን ለመቀየር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። የናይስሊ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ ለስሕተት ምርመራ እንደ አርአያ ይጠቀሳል።

ፕሮግራሙና የሚያነብበው ሰው

ጥያቄው ጤናማ፣ መሣሪያውም ደኅና ሆኖ ፕሮግራሙ ሲያጠፋ የሚደርሰውን ጉዳት ሁለት ታሪኮች ይመሰክራሉ። በጃንዋሪ 1982 የካናዳው የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ አንድ የዋጋ መለኪያ ከ1000 ነጥብ አስጀመረ። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ሽያጭ በኋላ ውጤቱን በሦስት የአሥርዮሽ አሃዝ ይይዝ ነበር፤ ነገር ግን በማጠጋጋት ፈንታ ትርፉን ይቆርጥ ነበር። ቁረጣው ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሆነ መለኪያው ከሃያ ወር በላይ ያለ ምክንያት ሲወርድ ቆይቶ በኖቬምበር 1983 ወደ 524.811 ደረሰ። ሒሳቡ እንደገና ሲሠራ ትክክለኛው ቁጥር 1098.892 ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ታሪክ የሰው ሕይወት የጠፋበት ነው። የፓትሪየት ፀረ ሚሳይል መሣሪያ ሰዓቱን የሚቆጥረው በሴኮንድ አሥረኛ ነበር፤ አንድ አሥረኛ ደግሞ በሁለትዮሽ ማብቂያ የላትም። በ24 ቢት ተቆርጣ በመያዟ በ100 ሰዓት ሥራ ውስጥ 0.34 ሴኮንድ ያህል ጉድለት ተከማቸ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የስከድ ሚሳይል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። እስራኤላውያን መሣሪያው ለብዙ ሰዓት ያለ ዕረፍት ሲሠራ እንደሚዛነፍ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1991 አስታውቀው ነበር። የታረመው ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ወደ ሳውዲ አረቢያዋ ዳህራን የደረሰው በፌብሩዋሪ 26 ቀን ነው። ሚሳይሉ ግን አንድ ቀን ቀድሞ፣ በፌብሩዋሪ 25 ቀን፣ በዚያች ከተማ 28 የአሜሪካ ወታደሮችን ገድሎ ነበር። ስሕተትን ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ፣ እርማቱም በጊዜው ለተጠቃሚው መድረስ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይኖርም።

እርማት ቶሎ እንዲደርስ፣ ጥፋትም ቶሎ እንዲገኝ የሚያደርግ አሠራር ግን ቀደም ብሎ በሌላ ቦታ ተጀምሮ ነበር። በ1971 ዊልኪንሰንና ጀርመናዊው ክርስቲያን ራይንሽ የተመረጡ የማትሪክስ ስሌት ዘዴዎችን በአልጎል ቋንቋ ጽፈው በመጽሐፍ አሳተሙ። በቺካጎ አቅራቢያ የሚገኘው የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ከእነዚህ አንዱን ክፍል ወደ ፎርትራን ተርጉመው አይስፓክ የተባለውን ስብስብ በ1972 አወጡ። የሥራው አዲስነት በትርጉሙ ላይ ሳይሆን በፈተናው ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ከመሰራጨቱ በፊት በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎችና ላቦራቶሪዎች፣ በተለያዩ ፋብሪካዎች ኮምፒዩተሮች ላይ ተፈትኗል። ጽሑፉም ማንም እንዲያነብበውና እንዲመረምረው ክፍት ነበር።

ሊንፓክ በ1979፣ ላፓክም በ1992 ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። በ1985 ጃክ ዶንጋራና ኤሪክ ግሮስ ኔትሊብን ባቋቋሙ ጊዜ ደግሞ አንድ ባለሙያ በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ጠይቆ የፈለገውን ፕሮግራም ያለ ክፍያ ለመቀበል ቻለ። ክሊቭ ሞለር በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሯቸው ተማሪዎች ፎርትራን ሳይጽፉ በእነዚህ ስብስቦች እንዲጠቀሙ ማትላብን ሠሩ። ማትላብ ከ1984 ጀምሮ የንግድ ዕቃ ሆነ። በ1992 ጆን ኢተን መጻፍ የጀመሩት ኦክታቭና በ2006 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ የወጣው የትራቪስ ኦሊፋንት ነምፓይ በበኩላቸው ጽሑፋቸውን ለሁሉም ክፍት አድርገው ቀረቡ። ዛሬ በነምፓይ አንድ መሥመር ጽፎ የእኩልታዎችን መልስ የሚጠይቅ ባለሙያ ከበስተኋላ የሚያሠራው ከዚሁ የዘር ሐረግ የመጣውን ላፓክን ነው።

ዝግ የሆነ ፕሮግራም ወይ ይታመናል ወይ አይታመንም፤ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ግን ይመረመራል። ይህ ሲባል ክፍት መሆን ብቻውን ከስሕተት ያድናል ማለት አይደለም። ማንም የማያነብበው ክፍት ጽሑፍ ከዝግ አይሻልም። አይስፓክን ተአማኒ ያደረገው ክፍትነቱ ከፈተና ጋር መጣመሩ ነው።

ዛሬ ደጋግመው የሚያጋጥሙ ችግሮች

ይህ ታሪክ ለዛሬው ተጠቃሚ ምን ይጠቅማል? የሚያጋጥሙት የተለመዱ ችግሮች ሁሉ ሥራቸው በዚሁ ታሪክ ውስጥ ነውና፣ አራቱን ተጠርጣሪዎች ለመለየት ያስችለዋል።

አንደኛ፣ ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች በሦስት ረድፍ ይዞ የተሠራ ማትሪክስ በሒሳብ ሕግ ግልባጭ የለውም፤ ዲተርሚናንቱ ዜሮ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ብዙ ጊዜ በዜሮ ፈንታ እጅግ ትንሽ ቁጥር ያገኝና አባላቱ እጅግ ግዙፍ የሆኑ የሐሰት ግልባጭ ያቀርባል። ኦክታቭ በዚህ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ያ ማስጠንቀቂያ የተወለደው በ1979 ሊንፓክ የጥያቄን ጤንነት በቁጥር የሚገምት ዘዴ በያዘ ጊዜ ነው። ነምፓይ ግን ፍጹም ዜሮ ካላጋጠመው በቀር ያለ ማስጠንቀቂያ ያልፋል። ስለዚህ የዚህ የጤንነት መለኪያ ቁጥር 10 ሺህ ከሆነ ከ16ቱ አሃዝ አራት ያህሉ፣ አንድ ቢሊዮን ከሆነ ዘጠኝ ያህሉ ሊጠፉ እንደሚችሉ አስቀድሞ መመርመር የባለሙያው ፈንታ ነው።

ሁለተኛ፣ እኩልታ ለመፍታት ብለው የማትሪክስ ግልባጭ የሚያሰሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ የዘዴ ጥፋት ነው። ሶፍትዌሮቹ እኩልታውን በቀጥታ የሚፈታ ትእዛዝ አላቸው፤ እርሱም ፈጣንና በአብዛኛው ይበልጥ የሚታመን ነው።

ሦስተኛ፣ ሙሉ ቁጥር ከተመደበለት ቦታ ሲተርፍ ሶፍትዌሮቹ የሚሰጡት ፍርድ ይለያያል። በስምንት ቢት በሚጻፉ አዎንታዊ ቁጥሮች 200 እና 100 ሲደመሩ ነምፓይ ከወሰኑ ተሻግሮ 44 ይላል፤ ኦክታቭ በወሰኑ ላይ ቆሞ 255 ይላል። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ የነምፓይ የተለመደው ሙሉ ቁጥር በ2024 ሁለተኛው ዋና እትም እስኪወጣ ድረስ 32 ቢት ብቻ ነበር። በሌላ መሣሪያ ላይ ትክክል የነበረ ትልቅ ድምር በዚያ ሊበላሽ ይችል የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛ፣ አንዱ ፕሮግራም በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ በመጨረሻዎቹ አሃዞች የተለያየ መልስ መስጠቱ ብዙዎችን ያስደነግጣል። በተጠጋጉ ቁጥሮች ዘንድ የመደመር ቅደም ተከተል ውጤትን ይለውጣል። በ10 ሺህ ትሪሊዮን ላይ 1 ተደምሮ ያው 10 ሺህ ትሪሊዮን ቢቀነስ መልሱ ዜሮ ይሆናል፤ መቀነሱ ቀድሞ 1 በኋላ ቢደመር ግን 1 ይሆናል። ከሥር ያለው የስሌት ስብስብ ሲለወጥ ወይም ሥራው ለብዙ ፕሮሰሰር ሲከፋፈል ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ የሚጠበቅ ነው፤ ትልቅ ከሆነ ግን ጥያቄው መታመሙን ይጠቁማል።

አምስተኛ፣ ናን ወደ ስሌት ከገባ የነካውን ሁሉ ይበክላል፤ አንድ የጎደለ መረጃ የሺህ ቁጥሮችን አማካይ ያጠፋል። ናን ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለምና በእኩልነት ጥያቄ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ለዚሁ የተዘጋጀ የመፈተሻ ትእዛዝ አለ።

ምርመራው ራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ችግሩ በትንሽ ምሳሌ እንዲታይ ማሳነስ ይገባል። ቀጥሎ መረጃውን በጥቂቱ ለውጦ መልሱ ብዙ ቢናወጥ ጥያቄውን፣ ዘዴውን ለውጦ መልሱ ቢስተካከል ዘዴውን መጠርጠር ነው። እነዚህ ነጻ ከወጡ ክፍት የሆነውን የፕሮግራም ጽሑፍ ማንበብ፣ የእትሙንም ቁጥር ይዞ ለአዘጋጆቹ ማስታወቅ ይከተላል። መሣሪያው የሚከሰሰው ናይስሊ እንዳደረጉት ሌሎቹ ሁሉ ከተፈተኑ በኋላ ነው።

ማጠቃለያ

የኮምፒዩተር ስሌት የሚታመን የሆነው መሣሪያዎች ስለፈጠኑ አይደለም። ዊልኪንሰን ጥያቄን ከዘዴ ስለለዩ፣ ካሃንና ባልደረቦቻቸው መሣሪያዎችን በአንድ ሕግ ስላስማሙ፣ የአርጎን ባለሙያዎችም ፕሮግራማቸውን ለሌሎች ዓይን አጋልጠው ስላስፈተኑ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ዛሬ በነጻ ከሚገኝ ሶፍትዌር ጋር ለተጠቃሚው ይደርሰዋል፤ የመመርመር ግዴታው ግን አብሮ ይደርሰዋል። በአንድ ድልድይ ንድፍ ግርጌ ላይ የሚሰፍረው የመሐንዲሱ ፊርማ ነው፤ ቁጥሩን ያወጣው ኮምፒዩተር ነው ማለት ፈራሚውን ከኃላፊነት አያድነውም።